ገመድ የሌለው ስክሪን

መጀመሪያ የተሰማው ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲፈጠፈጥ ነው። ከዚያ የመስታወት መሰንጠቅ፣ ከዚያ የአንድ ጎልማሳ ሰው የሶማሊኛ እሮሮ፣ በመጨረሻም ሳቅ። የሴት ሳቅ ነው፤ ሳይታሰብ አምልጦ የወጣ፣ ወዲያው ደግሞ አፍ በእጅ እንደተያዘ ቁርጥ ያለ።

ናሁሰናይ ከግድግዳው ወዲህ ባለችው ጠባብ ክፍሉ የአንድ ላፕቶፕ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ተቀምጦ ነበር። ደንግጦ ሲነሳ ብሎኖቹ ከጉልበቱ ላይ ተበተኑ። ሊለቅማቸው አላጎነበሰም፤ ያ ሳቅ የማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ጅጅጋ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ያመጣው አስተማሪ አጎቱ ነበር፤ አጎቱ ወደ መሃል አገር ሲዛወር እሱ ቀረ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ስላልመጣለት፣ የተጣሉ ኮምፒውተሮችን እየፈታ እየገጠመ ሙያውን ለመደ። ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን ሰው ሳያናግር ውሎ በድንገት ሲናገር የገዛ ድምፁ ይገርመዋል። ማለም ግን ይችልበት ነበር። የተበላሸ ኮምፒውተር ከመጣለት ባለቤቱን በሐሳቡ ይድረዋል፣ ይኩለዋል፣ ልጅ አሳቅፎ ይሸኘዋል። ለራሱ ግን በሐሳቡም ቢሆን ማንንም አጭቶ አያውቅም።

የጎረቤቱ የትርጉም ቢሮ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቢሮው ባለቤት አቶ ካሂን ግዙፍ ሰውነታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ እግራቸው በገመድ ተተብትቧል፤ ገመዱ የጎተተው ስክሪን አጠገባቸው በግንባሩ ተደፍቷል። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ልጅ የሒጃቧን ጫፍ አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ናሁሰናይን ስታይ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

ለምን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም፤ ሰውየውን ማንሳት እስኪረሱ ድረስ ተያዩ።

«እኔ እዚህ ወድቄያለሁ» አሉ አቶ ካሂን ከመሬት፣ በረጋ ድምፅ። «ካያችሁኝ ማለቴ ነው።»

ልጅቷ ዑባህ ትባላለች። የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ሶማሊኛ ለመመለስ በቅርቡ የተቀጠረች ናት። አቶ ካሂን የአባቷ ወገን ስለሆኑ አዴር ትላቸዋለች፣ አጎቴ እንደ ማለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እሳቸው በሌሉበት ስማቸው ኩፌ ሆነ። ኩፍ በሶማሊኛ መውደቅ ነው። ጅጅጋ ውስጥ ሰው ወላጆቹ ባወጡለት ስም ብቻ አይኖርም፤ ረጅሙም፣ የሚያነክሰውም፣ አንድ ቀን የወደቀውም ቅጽል ይወጣለታል። ዑባህ ደግሞ በዚህ ሥራ የሚያህላት አልነበረም።

አቶ ካሂን ቢሯቸው ውስጥ ዳግመኛ ገመድ ላለማየት ማሉ። በሳምንቱ ከተማው ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ አንድ ሰፊ ስክሪን አሸክመው መጡና ናሁሰናይን ጠሩት። ምስሉን ከላፕቶፑ በአየር የሚቀበል፣ ገመድ አልባ የሚባለው ዓይነት ነው። ካርቶኑ እስኪራገፍ ቆመው ጠበቁ፤ ከሥሩ አንድ ጥቁር ገመድ ሲወጣ ፊታቸው ተለወጠ። ናሁሰናይ ያ የመብራት ገመድ እንደሆነ፣ መብራትን በአየር የሚልክ ገና እንዳልመጣ ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ተታልያለሁ ብለው ወጡ።

ክፍሉ ለሁለቱ ቀረ።

ጠረጴዛውን ከመተላለፊያው አንስቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ የመስኮቱ ፀሐይ እንዳያንጸባርቅበት አዞረው። ጣት የምታህለውን አስተላላፊ ላፕቶፑ ጎን ላይ ሰካ። ከዚያ ስክሪኑ የት ከፍታ ላይ መሰቀል እንዳለበት ለመለካት ዑባህን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ፣ ቀጥ ብላ ግድግዳውን እንድታይ ነገራት። ዓይኗ በሚደርስበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ሊያደርግ ነው። እሷ ግን ግድግዳውን ትታ እሱን አየችው።

«ግድግዳውን» አለ።

«እያየሁ ነው።»

እርሳሱ ከእጁ ወደቀ። አንስቶ ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል። ምልክቱ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተሠራ፤ ስክሪኑም እዚያው ከፍ ብሎ ቀረ። ዑባህ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሠራለች እንጂ ይስተካከልልኝ ብላ አታውቅም።

ምስሉ መጣ። በግራ ሶማሊኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ ጎን ለጎን። በድሮው ትንሽ ስክሪን አንዱን ስትከፍት ሌላው እየተሸፈነባት ትቸገር ስለነበር፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስታይ እጆቿን አጋጠመች። አንድ ችግር ነበረው፤ ይዘገያል። ማውሱን ስታንቀሳቅስ ቀስቱ ቆም ብሎ አስቦ ነው የሚከተላት።

«ልክ እንዳንተ ነው» አለችው። «ዛሬ ተጠይቆ ነገ ይመልሳል።»

ናሁሰናይ ምን እንደሚላት ሲያስብ ቆየ።

«ይኸው» አለች።

መዘግየቱ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችል ነበር። የኮሪደሩ ዋይፋይና ስክሪኑ በአንድ መስመር ላይ እየተጋፉ እንደሆነ ናሁሰናይ በመጀመሪያው ሰዓት አውቆታል፤ መስመሩን መቀየር ብቻ ነው። ግን ዛሬ ትንሽ አስተካከለ፣ ነገ ትንሽ አስተካከለ፣ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሄደ። ዑባህም ምስሉ ደህና በሆነ ቀን ሳይቀር ግድግዳውን ትደበድባለች፤ ዛሬም ተበላሸ ትላለች። ወተት የበዛበትን ሻይ ከታች አስመጥታ አብረው ይጠጣሉ። እሷ ስለ እህቷ ስለ ደሃቦ፣ ስለ እናቷ ቁጣ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ውስጥ ስላነበበችው ጉድ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። ሰላት ሲደርስ እሷ በክፍሉ ጥግ ትሰግዳለች፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የካራማራን ተራራ እያየ ይጠብቃታል። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ አይታዋለች፤ ስለሱ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

የእሷ እናትና የእሱ እናት ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ሁለቱም ስለሚያውቁ አልተነጋገሩበትም። ናሁሰናይ ግን ብቻውን ሲሆን ተነጋግሮበታል። ለእናቷ፣ ለወንድሞቿ፣ ለሽማግሌዎቿ ሁሉ በሐሳቡ መልስ ሰጥቷል፤ አንዳንዶቹንም አሳምኗል። ዑባህ ፊት ሲቀመጥ ያ ሁሉ ንግግር ድራሹ ይጠፋል።

አንድ ቀን ስክሪኑ የስልክ ምስልም እንደሚቀበል አሳያት። ደሃቦ የላከችላትን የልጇን ፎቶ በሰፊው ስታየው ተደሰተች። ናሁሰናይ እሷን ደስ ባሰኛት ነገር ላይ ሁሉ ትርፍ የሚጨምር ሰው ነውና፣ ስክሪኑ ስልኳን እንዲያስታውስና ሁለተኛ ሳይጠየቅ በራሱ እንዲገናኝ አደረገው። አልነገራትም። ትንሽ ነገር መስሎታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስክሪኑ ፊት ቆሞ ቀለሙን እያስተካከለ ነበር። ዑባህ በመስኮቱ በኩል ጀርባዋን ሰጥታው ለደሃቦ መልእክት ትጽፋለች፤ ጣቷ ይፈጥናል፤ የሆነ ነገር አናዷታል። ስክሪኑ ጠቆረ። ሲመለስ የነበረው የፍርድ ቤት ወረቀት የለም። የሁለቱ እህትማማቾች የስልክ ወሬ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ የአንዱ ፊደል ቁመት ጣት ያህላል። ከታች አዲስ መልእክት ፊደል በፊደል እየወጣ ነበር።

ዓይኑን መንቀል ነበረበት። አልነቀለም።

«አሙስ ሞዬ ዒድ ካሌ ጉርሰን ማዮ» ይላል።

የናሁሰናይ ሶማሊኛ ከሰላምታና ከገበያ ብዙም አያልፍም። ሁለት ቃል ግን ለየ። ጉር ጋብቻ ነው፤ ከፎቁ ሥር የሰርግ አዳራሽ ስላለ ይህን ቃል የማያውቅ ጎረቤት የለም። አሙስ ደግሞ አሙስ ነው፤ እሱ ራሱ ሐሙስን አሙስ እያለ ነው ያደገው። የጅጅጋ ልጆች ሶማሊኛቸው መሃል የአማርኛ ቃል ጣል እንደሚያደርጉ ያውቃል። በታችኛው አዳራሽ ከበሮው የሚደምቀውም ሐሙስ ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ልታገባ ነው።

ዑባህ ዞረች። መጀመሪያ የእሱን ፊት አየች፣ ቀጥሎ ስክሪኑን። ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው፤ እንዲያ ብታደርግ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የሚሸፈን ይመስል።

«ናሁ» አለች። ከዚያ በላይ አልቻለችም። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ግን ከዓይኑ አልተነሳም። የሆነ ነገር እንዲላት እየጠበቀች ነበር።

እንኳን ደስ አለሽ ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። መፍቻዎቹን ሰብስቦ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ አቶ ካሂን ደስ ብሏቸው ወደ ክፍሉ ብቅ አሉ። ማክሰኞ በዑባህ እናት ቤት ሽማግሌ ሆነው እንደሚቀመጡ፣ ጠያቂው ዐብዲረዛቅ የሚባል፣ የጭነት መኪኖቹ እስከ ሐርጌሳ የሚመላለሱ ጨዋ ሰው እንደሆነ፣ እንግዲህ ሌላ ተርጓሚ መፈለጋቸው እንደማይቀር አወሩለት። ናሁሰናይ እንደሚሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ማክሰኞ ሽማግሌ፣ ሐሙስ ሰርግ። ሁሉም ነገር ልክ ገጠመለት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደገሀቡር ሄደ። ለሳምንታት እምቢ ሲለው የነበረ ሥራ ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ዐሥር ኮምፒውተሮች። ለማንም አልተናገረም። ስልኩን አጠፋው። የሐሙሱ ከበሮ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ ፎቅ ርቆ መቆየት፣ ሌላ ዓላማ አልነበረውም።

ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ አለፈ። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዐብዲራሺድ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነበር፤ የከተማውን ሰው ሁሉ በየቅጽሉ እየጠራ ታሪኩን ሲነግረው ይውላል። ሐሙስ ምሳ ላይ እንግዳው ሩዙን ሳይነካ ሲቀር ታገሠ፣ ታገሠና በመጨረሻ ጠየቀው።

«ሰውዬ፣ ማን ሞቶብህ ነው?»

«ዛሬ ሰርግ አለ» አለ ናሁሰናይ።

«ታዲያ ሰርግ ይበላል እንጂ ይለቀስበታል? የማን ነው?»

ስሟን አልጠራም። አምስት ቀን ሙሉ ሲያላምጠው የከረመውን ያን ዐረፍተ ነገር ብቻ በአማርኛ ምላሱ አለለት። ዐብዲራሺድ እጁን ከሳህኑ ላይ አነሳ። ድገመው አለው። ደገመው።

«ሐሙስ ማን አለህ አንተ? ሐሙስ በእኛ ከሚስ ነው። አሙስ ማለት ዝም በል ማለት ነው።»

«ዝም በል?»

«ዝም በል። ልጅቷ የሰው ቅጽል አድርጋዋለች። ‹ከዝምተኛው በቀር ማንንም አላገባም› ነው የምትለው።» ዐብዲራሺድ ነገሩ እያስደሰተው መጣ። «ማነው ይሄ ዝምተኛ? ታውቀዋለህ?»

ናሁሰናይ ሩዙ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ዐብዲራሺድ መልስ እየጠበቀ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱን ትክ ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ወይ ጉድ» አለ በዝግታ። «አንተው ነህ።»

ያልተጠገኑት ኮምፒውተሮች ክዳናቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ዐብዲራሺድ በሞተር ብስክሌቱ መናኸሪያ አድርሶ፣ ሊንቀሳቀስ የደረሰ ሚኒባስ ውስጥ ገፍቶ አስገባው። መንገድ ላይ ስልኩን ሲከፍተው ከዑባህ አንድ መልእክት አገኘ፤ ሰኞ ጠዋት የተላከ። «በርህ ዝግ ነው» ይላል፤ ሌላ የለውም። ደወለላት። አላነሳችም። ያ የከንፈሯ መንቀጥቀጥ፣ ያ ከዓይኑ ያልተነሳ ዓይን፣ አሁን ነው ምን እንደሆነ የገባው። ልቧ በዚያ ሁሉ ስፋት ግድግዳው ላይ ተጽፎ፣ መልሱን ቆማ ስትጠብቅ እሱ መፍቻ ሰብስቦ ነበር የወጣው። ሜዳው በመስኮቱ ያልፋል፤ ግመሎቹ ያልፋሉ፤ ናሁሰናይ አንዱንም አላየም።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አቧራውን እንደለበሰ ደረጃውን ሲወጣ አቶ ካሂንን አገኛቸው። ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ሊወርዱ ነበር። ወዴት ጠፍተህ ነው ብለው ወቀሱት፤ ዑባህ ሰኞ በሩን ስትደበድብ ኮሪደሩ እንደተናወጠም ነገሩት። ከዚያ የማክሰኞው ወሬ አላስቻላቸውም።

«ጠየቅናት፤ ዝም አለች። እናቷ ፊት ደግመን ጠየቅናት፤ ዝም አለች። ልጅ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው፣ በእኛ እንዲህ ነው። ዱዓ አድርገን ወጣን።»

ናሁሰናይ የደረጃውን ብረት ያዘ። ለአምስት ቀን ሐሙስን ሲፈራ፣ ነገሩ ማክሰኞ አልቋል።

ዑባህ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። የአንድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን በሁለት ቋንቋ ተከፍቷል። የእግሩን ድምፅ ሰምታ አልዞረችም።

«ሐሙስ መስሎኝ ነው» አለ ከበሩ ላይ።

«ምኑ?»

«አሙስ ያልሽው። ቀኑ መስሎኝ። ሐሙስ ልታገቢ መስሎኝ ነው የሄድኩት።»

አሁን ዞረች። ያለቀሰ ሰው ፊት አልነበራትም፤ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነበራት።

«ጅጅጋ ስንት ዓመት ኖርክ?»

«ሦስት።»

«በሦስት ዓመት አሙስ ያለህ አንድ ሰው የለም?»

«ማን ይለኛል፤ ተናግሬ አላውቅማ።»

ሊስቁ ትንሽ ቀራቸው። ሳቁ ግማሽ መንገድ መጥቶ ተመለሰ።

«ሁለት ጊዜ ነው የጠየቁኝ» አለች ዑባህ፣ እጇን እያየች። «እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን እምቢ ብዬ ለማን ብዬ ነው? አንብቦ የሸሸ ሰው አለ ልበላቸው?»

ያን ጊዜ ናሁሰናይ መናገር ጀመረ። በሦስት ዓመት ያልተናገረውን ሁሉ፣ እየተደናቀፈ፣ እየደጋገመ። ስክሪኑ በአንድ ቀን ሊስተካከል ይችል እንደነበረ፣ ሆን ብሎ ሦስት ሳምንት እንዳጓተተው ነገራት። እሷም ታውቅ እንደነበር ፊቷ ተናገረ። ዛሬውኑ እናቷ ዘንድ እንደሚሄድ፣ እንዳይገባ በሩን ቢዘጉበት በሩ ላይ እንደሚቀመጥ ነገራት። ስለ ማተቡ እንደሚጠይቁት፣ ስለ ዘሩ እንደሚጠይቁት፣ የገዛ እናቱም ከወዲያ እንደምታለቅስበት ያውቃል። ሁሉንም አስቦበታል፤ ቀላል ነው አላላትም።

«ብቻ ሳልናገር አልቀርም» አለ። «እወድሻለሁ፣ ዑባህ። ገና ሳላይሽ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆነሽ።»

ከታች አዳራሹ ውስጥ ለዛሬው ሰርግ ወንበር ሲደረደር ይሰማል።

«አንድ ነገር በይ» አላት።

ዑባህ የጀመረችውን ወረቀት ሴቭ አደረገች። ስክሪኑን ራሷ አጠፋችው፣ ላፕቶፑን ከደነች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች። ዓይኗን አላነሳችም፤ ጣቷ የሸሚዙን እጅጌ ነካው፣ ወይም የነካው መሰለው። ከዚያ ወጣች።

ደረጃው ላይ ከሰው ጋር ሲያወሩ የቆዩት አቶ ካሂን ገና የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቋት ሰማ። ደግመው ጠየቋት። የጫማዋ ድምፅ ብቻ ወረደ።

ወደ መስኮቱ ሮጠ። ዑባህ ነፋሱ የሚያነሳውን አቧራ በሒጃቧ እየተከላከለች መንገዱ ዳር ቆማለች። አንድ ባጃጅ አስቆመች፤ ጎንበስ ብላ ለሾፌሩ የሆነ ነገር ነገረችውና ገባች። የእናቷ ቤት በስተግራ ነው፤ በስተቀኝ ያ መልእክት የተጻፈላት የደሃቦ ቤት ነው። ባጃጁ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሄደ።